እጁ የጸሐፊው፣ ቃሉስ የማን?

በአንዲት የጦር ሜዳ መልእክት ላይ የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

አንድ ጽሑፍ ከሐያሲ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ጻፈው?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን አዝሏል። ቃሉን ያፈለቀው ማን ነው? በእጁ የከተበውስ? ከተከተበ በኋላ የገለበጠው፣ ያረመው ወይም አንዳች የጨመረበትስ ማን ነው? ብራና ፍቀውና ቀለም በጥብጠው የሌላውን ቃል ሲከትቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ቁም ጸሐፊዎችን ላፈራችው ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። የንጉሥ ደብዳቤ በጸሐፊ እጅ ተከትቦ በንጉሥ ማኅተም ይጸና እንደነበር የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ የጦር ሜዳ ጽሑፍ ሲሆን ግን ይህ ጥንቃቄ በየአገሩ ሲዘነጋ ይታያል። የአዛዡ ዝና የጸሐፊውን እጅ፣ የመልእክተኛውን አንደበትና የተቀባዩን ዕጣ አንድ ላይ ይውጣቸዋል።

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተጠብቃ የምትገኝ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ናት። ከማስታወሻ ደብተር ተገንጥላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1876 በሞንታና ምድር፣ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ፣ በእርሳስ ተጽፋ የተላከች ናት። በተለምዶ «የካስተር የመጨረሻ መልእክት» ትባላለች። ይሁን እንጂ በወረቀቷ ላይ አንድም ፊደል በካስተር እጅ አልተጻፈም። ከዚህም በላይ በላይዋ የሰፈረው እጅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ነው። በዚህች ወረቀት ላይ ያሉትን እጆች ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያራምድና ከየት ላይ እንደሚያቆም መመርመር የታሪክ ባለሙያን ብቻ ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ ሰውንም የሚመለከት ተግባር ነው።

መልእክቷ የተጻፈችበት ሁኔታ

በ1868 የተፈረመው የፎርት ላራሚ ውል ጥቁር ኮረብቶች የሚባለውን ምድር ለላኮታ ሕዝብ አረጋግጦ ነበር። በ1874 በሌተና ኮሎኔል ጆርጅ አርምስትሮንግ ካስተር የተመራ ጦር ወደዚያው ምድር ገብቶ ወርቅ መኖሩን አስታወቀ፤ ወርቅ ፈላጊውም ውሉን እየረገጠ ጐረፈ። መንግሥት መሬቱን ለመግዛት ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ከተከለለው ቦታ ውጭ የሚኖሩት ሁሉ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1876 ተጠቃለው እንዲገቡ አዘዘ። ያልገቡት እንደ ጠላት ተቆጠሩ። ላኮታዎችና ሸያኖች ከጥቂት አራፓሆዎች ጋር፣ ላኮታዎች «ቅባታም ሣር» ብለው በሚጠሩት በዚህ ወንዝ ዳር ከነቤተሰባቸው ሰፍረው ሳለ 7ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ደረሰባቸው።

ካስተር 12ቱን ሻምበል ጦር ከፋፈለ። 3ቱን ለሻለቃ ማርከስ ሬኖ፣ 3ቱን ለሻምበል ፍሬደሪክ ቤንቲን ሰጠ። 1 ሻምበል ጦር የጭነት በቅሎዎቹን እያጀበ ከኋላ እንዲከተል አደረገ። 5ቱን ራሱ እየመራ ከወንዙ በላይ ባለው ተረተር በኩል ገሰገሰ። ከዚያም የመንደሩን ስፋት ባየ ጊዜ ወደ ቤንቲን መልእክት ላከ። መልእክቷን የተሸከመው ጥሩምባ ነፊው ጆን ማርቲን ነበር። የትውልድ ስሙ ጆቫኒ ማርቲኒ ሲሆን ከኢጣሊያ ወደ አሜሪካ ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እንግሊዝኛውም አልጠነከረም። እርሱ ወረቀቷን ይዞ ወደ ኋላ ጋለበ። ከካስተር ጋር የቀሩት ወደ 210 የሚጠጉ ሰዎች አንድም ሳይተርፍ እዚያው አለቁ። ወረቀቷ ከሞቱት ሰዎች ወገን የወጣች የመጨረሻዋ የጽሑፍ ቃል ሆና የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

«ና» ወይስ «ይምጡ»?

የመልእክቷ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ቤንቲን። ና። ትልቅ መንደር። ፍጠን። ጭነቱን አምጣ። ደብልዩ. ደብልዩ. ኩክ።» ከፊርማው ቀጥሎ ደግሞ ድኅረ ጽሑፍ ተጨምሯል፦ «ጭነት አምጣ።» በዚህ የመጨረሻ ሐረግ ላይ ጭነት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ፊደል ጐድሎታል።

ፈራሚው መቶ አለቃ ዊልያም ኩክ ነው፤ የካናዳ ተወላጅ፣ የሬጅመንቱ አጁታንት፣ ማለትም የአዛዡን ቃል ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መኮንን ነበር። አማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ እንግሊዝኛ አንባቢ የማያጋጥመው ችግር ይጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ የትእዛዝ አንቀጽ ታላቅና ታናሽ አይለይም። በአማርኛ ግን መቶ አለቃ ሻምበሉን «ና፣ ፍጠን፣ አምጣ» አይለውም፤ «ይምጡ፣ ይፍጠኑ፣ ያምጡ» ይለዋል። ካስተር ቤንቲንን ሲያዝ ከሆነ «ና» ማለቱ ከማዕረጉ ጋር ይስማማል። እንግዲህ አንዲት ቃል ለመተርጐም አስቀድሞ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። ፊርማውን የተከተለ ተርጓሚ «ይምጡ» ይላል፤ ከፊርማው በስተጀርባ ያለውን ድምፅ የሰማ ደግሞ «ና» ይላል። ከላይ የተመረጠው ሁለተኛው ነው።

ምርጫው ያለ ማስረጃ የተደረገ አይደለም። በ1879 በቺካጎ የሬኖን አድራጎት ለመመርመር ችሎት በተሰየመ ጊዜ ማርቲን በመሐላ የሰጠው ቃል አለ። ካስተር አጁታንቱን ጠርቶ ወደ ቤንቲን መልእክት እንዲጽፍ አዘዘው፤ ምን እንደ ነገረው ግን ማርቲን አላወቀም፤ ከዚያ አጁታንቱ ወረቀቷን ሰጥቶ በፍጥነት እንዲያደርስ ነገረው። ስለዚህ ቃሉ ከካስተር መፍለቁን የሚነግረን የምስክር አንደበት ነው፤ የእርሳሱ ጽሕፈት ይህን ሊነግር አይችልም። ካስተር ቃል በቃል አስጽፎ እንደ ሆነ፣ ወይስ አሳቡን ብቻ ነግሮት ኩክ በራሱ አባባል አሳጥሮ ጽፎት እንደ ሆነ ወረቀቷ ዝም ትላለች። የአጻጻፉ ቁጥብነት ሲደነቅ የኖረው በካስተር ስም ነው። ምስጋናው ምናልባት ለጸሐፊው የሚገባ ይሆን?

እጅ እንዴት ይለያል?

የእጅ ጽሕፈት ምርመራ በግምት የሚሠራ ጥበብ አይደለም። አሜሪካዊው አልበርት ኦዝቦርን በ1910 ስለ አጠያያቂ ሰነዶች ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ሙያ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። የሙያው ሥርዓት በአጭሩ ሲታይ እንዲህ ነው። አጠያያቂው ጽሑፍ የጸሐፊው መሆናቸው ካልተጠራጠሩባቸው ሌሎች ጽሑፎች ጋር ጐን ለጐን ይቀርባል። የፊደሉ ዘመምታ፣ የረጃጅሞቹና የአጫጭሮቹ ፊደላት ንጽጽር፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የሚቀጠልበት መንገድ፣ እጅ ከወረቀት የሚነሣበት ቦታ፣ በቃላት መካከል የሚተወው ክፍተት፣ የመስመሩ አካሄድ ይመረመራል። አንድ ፊደል ከአንድ ፊደል ስለ ተመሳሰለ አይፈረድም፤ ብዙ ልማዶች በአንድነት ሲገኙና ሊብራራ የማይችል ልዩነት ሲጠፋ ብቻ ፍርድ ይሰጣል። ማንም ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍም። ጥያቄው ልዩነቱ የአንድ እጅ የተፈጥሮ ልዩነት ነው ወይስ የሁለት እጆች ነው የሚል ነው።

በሁኔታ የሚመጣውን ከልማድ ከሚመጣው መለየትም ግድ ነው። በጥድፊያ፣ ምቹ ጠረጴዛ በሌለበት ሜዳ፣ በእርሳስ የተጻፈን ቃል በቢሮ በቀለም ከተጻፈ ጋር ማነጻጸር ጥንቃቄ ይሻል። የጐደለችው ፊደል የኩክን አለማወቅ አታሳይም፤ ከጥቂት ቃላት በፊት ያንኑ ቃል አሟልቶ ጽፎታልና። ለዚህ ጉዳይ ግን ታሪክ ለመርማሪው ደግ ሆናለታለች። ካስተር መጽሐፍ የጻፈና ለሚስቱ ብዙ ደብዳቤ የላከ ሰው ነበር። ቤንቲንም ደብዳቤ ወዳድ ነበር። ኩክ በሹመቱ ምክንያት የሬጅመንቱን ጽሕፈት የያዘ መኮንን ነው። የሦስቱም እጅ ሊነጻጸር የሚችልበት ጽሑፍ አለ ማለት ነው።

ወረቀቷን ያየ ሰው ቃሉ ሁለት ጊዜ እንደ ሰፈረባት ይገነዘባል። ታች ያለው በጥድፊያ የተጻፈው የኩክ ነው። ከላይ ግን ያው ቃል በሌላ እጅ፣ በሚነበብ አኳኋን እንደ ገና ተገልብጧል። ይህ ሁለተኛው እጅ የተቀባዩ፣ የቤንቲን ነው። አንባቢ ጥንቃቄ ካላደረገ የላይኛውን ጽሕፈት አንብቦ የታችኛውን ያነበበ ይመስለዋል። የመጀመሪያው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው የትእዛዙ ግልባጭ ነው። በፊተኛው እጅ የሚናገረው የሚጣደፍ ሰው ነው፤ በኋለኛው እጅ የሚናገረው ከጥድፊያው የተረፈ ሰው ነው።

ቤንቲን ይህን ያደረገው እውነትን ለመለወጥ አይደለም፤ ታች ያለው የኩክ ቃል እዚያው ሳይነካ ይገኛል። ከውጊያው በኋላ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤም የመልእክቷን ቃል አስፍሯል፤ ዋናዋ ወረቀት መቀደዷንና ሊጠብቋት እንደሚገባም ገልጿል። ዳሩ ግን «ለምን ፈጥኖ አልደረሰም?» የሚል ክስ ዕድሜ ልኩን የተከተለው ይህ ሰው ነው። እንግዲህ የላይኛው እጅ የአንድ ቀን የቢሮ ሥራ ብቻ ሆኖ አይታይም። ያቺ ወረቀት ለቤንቲን ትእዛዝ ብቻ ሳትሆን መከላከያም ነበረች፤ የታዘዘውን ለዓለም የሚያነብበው በራሱ እጅ ነው።

እጅ የማይመልሰው ጥያቄ

አሁን ሁለቱ እጆች ታውቀዋል እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከእጅ ጽሕፈት ምርመራ አቅም በላይ ነው። «ፍጠን» እና «ጭነቱን አምጣ» የሚሉት ትእዛዞች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። የተጫነች በቅሎ እንደ ፈረሰኛ አትጋልብም። ጭነቱን የጠበቀ አይፈጥንም፤ የፈጠነ ጭነቱን ጥሎ ይሄዳል። «ጭነት» ሲል የጥይት ሣጥኖቹን የተሸከሙትን በቅሎዎች ብቻ ነው ወይስ ስንቁንና ጓዙን ጭምር? በዚያ ላይ የጭነቱ አጃቢ ቤንቲን አልነበረም። ቀደም ሲል ከካስተር ጓድ የተላከ አንድ አምሳ አለቃ፣ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ጭነቱ እንዲፋጠን የቃል መልእክት ይዞ ወደ አጃቢው ሄዷል። አንዱ ጉዳይ በቃልም በጽሑፍም፣ ለሁለት ሰዎች ተላከ ማለት ነው።

ድኅረ ጽሑፉም የራሱ ነገር አለው። ጸሐፊው ስሙን ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ያንኑ ደገመው። አዲስ ነገር አልጨመረም፤ አጽንዖት ብቻ ጨመረ። የሚያስፈልገው ማብራሪያ በነበረበት ጊዜ የተሰጠው ድግግሞሽ ነው። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ያልተገለጠ ቃል ጮክ ተብሎ ስለ ተደገመ አይገለጥም።

ተቀባዩ ወረቀቷን ብቻውን አላነበባትም። የመልእክተኛውንም ቃል ሰምቷል። እንደ ቤንቲን ምስክርነት ማርቲን ሕንዶቹ እየሸሹ መሆናቸውን ነገረው። የማርቲን ፈረስ ግን ቆስሎ ነበር፤ መልእክተኛው ይህን ያወቀው ቤንቲን ሲያሳየው ነው። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ቤንቲን ፊት ሦስት «ጽሑፎች» ነበሩ። ወረቀቷ «ፍጠን» ትላለች፤ አንደበቱ «ጠላት ሸሽቷል» ይላል፤ የፈረሱ ደም ደግሞ ሌላ ይናገራል። ቤንቲን ወደ ፊት ሲሄድ ተመትቶ ወደ ኮረብታ ያፈገፈገውን የሬኖን ጦር አገኘ፤ ወረቀቷን አሳየው፤ እዚያው አብሮት ቀረ። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም። የእጁ ማንነት መታወቁ ግን ክርክሩን አንድ ጋት አላንቀሳቀሰውም።

ሁለት ተጓዳኝ ወረቀቶች

ይህ የሊትል ቢግሆርን ብቻ ዕጣ አለመሆኑን ሌሎች ሁለት ወረቀቶች ያስረዳሉ። ኦክቶበር 25 ቀን 1854 በክራይሚያ፣ በባላክላቫ ውጊያ፣ ሎርድ ራግላን ከከፍታ ላይ ሆኖ ለፈረሰኛው አዛዥ ለሎርድ ሉካን ትእዛዝ ላከ። የራግላንን ቃል በእርሳስ የጻፈው ጄኔራል ኤሪ ነው፤ ያደረሰው ሻምበል ኖላን ነው። ፈረሰኛው ወደ ፊት እንዲገሰግስና ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ እንዲያግድ ታዘዘ። «ወደ ፊት» ወዴት እንደ ሆነና «መድፎቹ» የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን አልተጻፈም። ከኮረብታው ላይ የሚታየው ከሸለቆው አይታይም ነበር። ወደ 670 የሚጠጉ ፈረሰኞች ወደ ተሳሳቱ መድፎች ጋለቡ፤ ብዙዎቹ ረገፉ፤ ኖላንም ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ሆነ። ወረቀቱን ሉካን ለመከላከያው ጠበቀው፤ ዛሬ በለንደን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ጉዳይ ላይ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ፊርማው ግልጽ ነበር፤ ቃሉ አልነበረም።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በሜሪላንድ የሰሜን ወታደሮች ሲጋራ የተጠቀለለበት ወረቀት ከሣር ላይ አነሡ። የደቡቡ አዛዥ የጄኔራል ሊ የዘመቻ ትእዛዝ ነበር፤ የተፈረመው በረዳቱ በኮሎኔል ቺልተን ነው። ወጥመድ ይሆን? የሚለው ጥርጣሬ እንዲወገድ ያደረገው ፒትማን የተባለ መኮንን የቺልተንን ፊርማ አውቀዋለሁ ብሎ መመስከሩ ነው። እዚህ ላይ እጅን መለየት የውጊያን አቅጣጫ ነካ፤ ከ4 ቀን በኋላም የአንቲየታም ውጊያ ሆነ። ልብ መባል ያለበት ግን የታወቀው የሊ እጅ አለመሆኑ ነው። ሠራዊቱን ያንቀሳቀሰው ቃል የታመነው በጸሐፊው እጅ ነው።

«ትልቅ መንደር»

ስለ ካስተር መልእክት የተጻፈው ሂስ በአብዛኛው «ፍጠን» እና «ጭነት» በሚሉት ቃላት ላይ ይከራከራል። «ትልቅ መንደር» የሚለው ግን እንደ ርቀት ወይም እንደ ቁጥር መግለጫ ብቻ ተነብቦ ይታለፋል። በወረቀቷ ላይ ያሉ የሌላው ወገን ሰዎች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ተከማችተዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት፣ ድንኳኖቻቸውና ፈረሶቻቸው በአንድ የእርሳስ መስመር አልፈዋል። ለጸሐፊው ይህ ዒላማ ነበር፤ ለነዋሪዎቹ ቤት ነበር።

ያ ወገን በእርሳስ የተጻፈ መልእክት አልተወም ማለት ግን ዝም ብሏል ማለት አይደለም። ከውጊያው ተሳታፊዎች አንዱ የነበረው ላኮታው ቀይ ፈረስ በ1881 የውጊያውን ታሪክ ከመናገሩም ሌላ በ42 ሥዕሎች አስፍሮታል። ሰፈሩ፣ ውጊያው፣ የወደቁት ሰዎችና ፈረሶች በዚያ ይታያሉ። ሥዕሎቹ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛሉ። የኩክን እርሳስ የመረመረ ዓይን የቀይ ፈረስንም እርሳስ በዚያው ትጋት ሊመረምር ይገባል። የእጅ ምልክት ፊደል ብቻ አይደለምና።

የሐያሲው ድርሻ

በዚህች ወረቀት ዙሪያ ሁለት የንባብ ስሕተቶች ዘወትር ይታያሉ። አንደኛው ከፊደሉ ቅርጽ የጸሐፊውን ነፍስ ለማንበብ መሞከር ነው። ከመስመሩ መንሻፈፍ ፍርሃትን፣ ከጐደለችው ፊደል ሽብርን የሚያወጣ ንባብ ድርሰት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ኩክ ቸኩሏል ማለት ይቻላል፤ ፈርቷል ለማለት ግን እርሳሱ ምስክር አይሆንም። ሁለተኛው የእጁ ማንነት ሲታወቅ ሁሉ ነገር የታወቀ መስሎ መታየቱ ነው። ጸሐፊው ኩክ መሆኑ ተጠያቂው ኩክ ነው አያሰኝም፤ ግልባጩ የቤንቲን መሆኑም ቤንቲንን አይወነጅልም፣ ነጻም አያወጣም።

እጅን መለየት የሂስ ደጃፍ ነው። ደጃፉን ሳይረግጥ ወደ ውስጥ የገባ ሐያሲ የአዛዡን ስም ጠርቶ የጸሐፊውን ሥራ ያደንቃል፤ ግልባጩን አንብቦ ዋናውን አነበብኩ ይላል። ከደጃፉ ላይ የቀረ ደግሞ ስም አውቆ ነገር ሳያውቅ ይመለሳል። ለመምህራን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪ ከአንድ ሰነድ ፊት ሲቀመጥ ማን አለው፣ ማን ጻፈው፣ ማን አደረሰው፣ ማን ጠበቀው፣ ስለ ማን ተጻፈ የሚሉትን አምስት ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ ይልመድ። ለተውኔት ጸሐፊም በዚያች ሜዳ ላይ ከካስተር ሌላ ገጸ ባሕርያት ሞልተዋል። የሌላውን ቃል ጽፎ የሞተ መቶ አለቃ አለ። ያልገባውን ቋንቋ ተሸክሞ የተረፈ፣ ከዚያ በኋላም እስከ 1922 የኖረ ጥሩምባ ነፊ አለ። አንዲት ወረቀት ሁለት ጊዜ እንድትነበብለት የፈለገ ሻምበል አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «ትልቅ መንደር» ተብሎ የተመዘገበ ሕዝብ አለ።